ከባቡር ጋር የተሽቀዳደምኩበት የመጨረሻው ቅዳሜ

ስሜ በቀለ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ለስምንት ዓመት ያህል አቃቂ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ከባለቤቴ ከአስካለ በቀር ስላልነበረ ነው። ለሌላው ሁሉ «ቀዳሚው» ነበርኩ። ሱቅ ስሄድ ቀዳሚው፣ ቤተ ክርስቲያን ስስም ቀዳሚው፣ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛው ሲፈትሸኝ ቀዳሚው። ልጄ ትዕግስት እንኳ አፏን የፈታችው ሰፈርተኛው እንዲህ ሲጠራኝ እየሰማች ስለሆነ «አባባ» ብላኝ አታውቅም ነበር። «ቀዳሚው፣ ራት ቀርቧል ተብለሃል» ነበር የምትለኝ።

ስሙ የመጣው እንዲህ ነው። ባቡሩ ከለገሃር ተነስቶ ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ዱከም እያለ ወደ ድሬዳዋ በሚወርድበት ዘመን እኔ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበርኩ። በወረቀት የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ማሽኑ በየት በኩል እንደሚነሳ አላውቅም ነበር። ጧት ካርድ እመታለሁ፣ ከዚያ ብስክሌቴን ይዤ ውልቅ። ሥራዬን ሌሎች ይሸፍኑልኛል። ማንም ቅር አይለውም፤ የፋብሪካውን ስም አስጠራለሁና።

አንድ ቅዳሜ ጧት ወደ ዱከም ለልምምድ ስወጣ ባቡሩም ከአቃቂ ጣቢያ ተንቀሳቀሰ። አስፋልቱና ሐዲዱ በዚያ በኩል ብዙ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እያዩኝ መጮህ ሲጀምሩ ደሜ ሞቀ። ዱከም ጣቢያ ቀድሜ ደረስኩና ከብስክሌቴ ወርጄ፣ ላቤን ጠርጌ፣ ባቡሩን ቆሜ ተቀበልኩት። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ዋንጫ በልቻለሁ፤ ጉዳዬ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ባቡር ቀደመ የተባልኩ ዕለት ግን ወሬው እኔ ቤቴ ሳልገባ ሳሪስ አቦ ደርሶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ውድድር የሌለበት ቅዳሜ ሁሉ ጣቢያው በር ላይ እቆማለሁ። የባቡሩ ነጂ ጋሽ ደበላ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ያየኛል፣ ጡሩምባውን ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ እንነሳለን። ከከተማው ወጣ ብሎ ባሕር ዛፍ የበዛበት አንድ ኩርባ አለ፤ እዚያ ስንደርስ ሁልጊዜ አልፈዋለሁ። «ባቡር ኩርባ አይወድም፣ እኔ ደግሞ ኩርባ ላይ ነው የምነሳው» እያልኩ በየጠጅ ቤቱ አስረዳ ነበር።

ዝና አያስደስትም ብዬ አልዋሻችሁም። በጣም ያስደስታል። ግን አንዳንድ ነገር ይከለክላል። እኔን ለምሳሌ ባቡር መሳፈር ከለከለኝ። ባቡር የሚቀድም ሰው ባቡር ውስጥ ተቀምጦ ቢታይ ምን ይባላል? የአስካለ አባት ሞጆ ያረፉ ጊዜ እሷ ትዕግስትን አዝላ በባቡር ሄደች፤ እኔ በብስክሌት ተከተልኳት። መንገድ ላይ ነፋስ ገጠመኝና ስደርስ ቀብሩ አልቋል። አስካለ ፊቷን ወደ ለቀስተኞቹ መለሰች። አንድ ለቀስተኛ ግን ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» አለኝ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ አልፎ ዕድሜዬ ሠላሳ ሰባት ሞላ። የግራ ጉልበቴ ጧት ጧት እንደ አሮጌ በር ይንቋቋ ጀመር። ውድድር ላይ ስድስተኛ፣ ዘጠነኛ፣ አንዳንዴም «አቋርጧል» መባል መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ባቡሩን እቀድማለሁ፤ ስለዚህ ጉልበቴ ሳይሆን ዳኞቹ ናቸው ችግሩ ብዬ ደመደምኩ።

አንድ የሰኔ ሐሙስ አሠልጣኛችን ጋሽ ሽመልስ ብስክሌት የምንጠግንበት ቆርቆሮ ቤት ድረስ መጣ።

«በቀለ፣ ቁጭ በል» አለኝ። በስሜ ሲጠራኝ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ለድሬዳዋው ውድድር አራት ሰው ነው የምንልከው። ሦስቱን ታውቃቸዋለህ። አራተኛው ደረጄ ነው።»

ደረጄ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የመጀመሪያ ብስክሌቱ ካቴና ሲበጠስ የቀጠልኩለት እኔ ነኝ።

«እኔስ?»

«አንተ ጥገናውን ትይዛለህ፤ ጀማሪዎቹንም ታሠለጥናለህ። በዚህ ሥራ ካንተ የሚሻል የለም። አስተዳደሩ ግን እስከ ቅዳሜ መልስህን ይፈልጋል። እምቢ ካልክ ቦታው ለሌላ ነው፣ አንተም ወደ ሽመና ክፍል ትመለሳለህ።»

ጥገና ያዝ መባል ለኔ ያኔ ስድብ ነበር። ብድግ አልኩ። «ጋሼ፣ እንደሱ ከሆነ እንዋዋል። ከነገ ወዲያ ባቡሩን ከቀደምኩ ድሬዳዋ የምሄደው እኔ ነኝ። ከቀደመኝ ብስክሌቴን እዚህ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ፤ ሁለተኛ ስለ ውድድር አላነሳብህም።»

ጋሽ ሽመልስ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ መሳቁን ተወ። «ደረጄ ከኋላህ ይከተልሃል» አለኝ። «እሱ የሚነግረኝን አምናለሁ።»

ተቀናቃኜን ዳኛ አድርጎ ላከብኝ ማለት ነው። እኔ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ያሸነፍኩትን ውድድር ነውና የጠየቅኩት ግድ አልሰጠኝም።

ቤት ስደርስ ትዕግስት በር ላይ ጠበቀችኝ። ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት የትምህርት ቤት መዝጊያ ነው፤ ከክፍሏ ሦስተኛ ስለወጣች ወላጆች ፊት ስሟ ይጠራል፣ ሽልማትም ትቀበላለች።

«ትመጣለህ፣ ቀዳሚው?»

«እንዴታ! ዱከም ደርሼ ብን ብዬ እመጣለሁ።»

አስካለ ትዕግስትን ውሃ አምጪ ብላ ላከቻትና ወደኔ ዞረች። «በቄ፣ እባክህ ለልጅቷ ቃል አትግባላት። ባትመጣ ለምዳዋለች። እመጣለሁ ብለህ ስትቀር ግን ቀኑን ሙሉ በር በሩን ነው የምታየው።»

«የአሁኑ ይለያል» አልኳት።

«የቱ የማይለይ ነበር?» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቅዳሜ ጧት ጣቢያው በሰው ተሞልቶ ነበር። ወሬው ፋብሪካውን ሁሉ አዳርሶ፣ ከፈረቃ የወጡት ሳይተኙ መጥተዋል። ደረጄ ከኋላዬ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ጋሽ ደበላ ከመስኮቱ ብቅ ሲል አጠገቡ አንድ የማላውቀው ወጣት አየሁ። ባቡሩ ሊነሳ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ጋሽ ደበላ ወርዶ ወደኔ መጣ። ሽበታም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ከሰላምታ ያለፈ ብዙ አላወራንም።

«ዛሬ ብትተወው ምን ይመስልሃል?» አለኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ፈሩ እንዴ?»

«ዛሬ ተረካቢዬ አብሮኝ ነው። መንገዱን እያስተማርኩት ነው።»

«ታዲያ እሱም ይወቀኝ» አልኩና በዙሪያዬ ያሉትን አሳቅኳቸው። ጋሽ ደበላ አልሳቀም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ተመለሰ።

ጡሩምባው ሦስት ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ፣ ተነሳን። መጀመሪያው ጥሩ ነበር፤ ባቡር ሲነሳ ከባድ ነው፣ ብስክሌት ቀላል ነው። ከከተማው እስክንወጣ ድረስ እየመራሁ ነበር። ሕዝቡ ከግራና ቀኝ ስሜን ይጠራል። ከዚያ ቤቶቹ አለቁ፣ ባቡሩ ደረሰብኝ፣ ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ ጎኔን እያለፉ ሄዱ። ይህም የተለመደ ነው፤ አልደነገጥኩም። ኩርባው አለልኝ።

የመጨረሻውን ካምቢዮ አስገብቼ ከኮርቻው ተነሳሁ። ባሕር ዛፎቹ መጡ። እንደ ወትሮው አንድ ፉርጎ እንደማልፍ፣ ሁለት እንደማልፍ እየጠበቅኩ ቀና ብዬ አየሁ። ባቡሩ አልዘገየም። ኩርባውን ልክ እንደ ቀጥታ መንገድ ይዞት ገባ፣ ይዞትም ወጣ። እኔ እግሬ እየተቃጠለ የመጨረሻውን ፉርጎ ጀርባ እያየሁ ቀረሁ። በመስኮቶቹ ሲጮኹ የነበሩት ሁሉ ራሳቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ብቻ «አይዞህ» በሚል ዓይነት እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ያ «አይዞህ» ከሁሉም በላይ አመመኝ።

አሁን የምነግራችሁን እስከ ዛሬ ለአስካለም አልነገርኳትም። ብስክሌቴን አቆምኩና ጎንበስ ብዬ የኋላውን ጎማ ቫልቮላ በሁለት ጣቴ ያዝኩ። ትንሽ ብጠመዝዘው ይበቃል። ጎማዬ ተነፈሰ፣ አንድ ዕድል ይሰጠኝ እላለሁ። ማን ያውቃል?

ደረጄ ደረሰብኝና አጠገቤ ቆመ። እጄን አየ። አካባቢው ላይ ከኛ በቀር ሰው የለም።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ከፈለግክ ለጋሽ ሽመልስ ጎማው ተነፍሶበት ነው ብዬ እነግረዋለሁ።»

አስቡት፤ ውሸቱ የራሱን ቦታ ነው የሚያሳጣው። ፊቱን አየሁት፤ አያሾፍም፣ ከልቡ ነው። ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። እጄን ከቫልቮላው አነሳሁ።

«አልተነፈሰም» አልኩት። «ጎማው ደህና ነው። በል እንሂድ፣ የጀመርነውን እንጨርስ።»

ዱከም ስንደርስ ባቡሩ ቆሟል። ሐዲዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ከድሬዳዋ የሚመጣው እስኪደርስ እየጠበቀ ነበር። ጋሽ ደበላ ወርዶ ሻይ በብርጭቆ ይዞ ቆሟል። ሲያየኝ ብርጭቆውን ዘረጋልኝ።

«ጠጣ። ስኳር በዝቶበታል፤ ላንተ ይሆናል።»

«ኩርባው ላይ ምን ሆኑ?» አልኩት ትንፋሼ ሳይሰበሰብ።

«ምንም አልሆንኩም። ያ ኩርባ መዘግየት አያስፈልገውም።»

«ሁልጊዜ ይዘገዩ ነበር እኮ።»

ጋሽ ደበላ ወደ ሐዲዱ አየ። «መጀመሪያ ጊዜ አንተ ነህ የቀደምከኝ» አለኝ። «ደህና አድርገህ ቀድመኸኛል። ቀጥሎም ሁለት ሦስት ዓመት እንደዚያው። ከዚያ ወዲህ ግን እየጠበቅኩህ ነበር።»

ሻዩ እጄ ላይ ቀረ። «ለምን?»

«ተሳፋሪው ቁርሱን ትቶ በመስኮት ይጠብቅሃል። እኔም ብሆን ቅዳሜ ስነሳ ዛሬ ያንን ልጅ አየዋለሁ ብዬ ነው የምነሳው። ሰውን ይህን ማሳጣት ከበደኝ። ዛሬ ግን ተረካቢ አለብኝ። እዚህ ኩርባ ላይ ቀስ በል ብለው፣ ለምን ቢለኝ ምን ልመልስለት? ለሚማር ሰው ውሸት አላስተምርም።»

ተናደድኩ። ብርጭቆውን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ስንት ጠጅ ቤት፣ ስንት ሠርግ ላይ ያወራሁት ፊቴ ድቅን አለ።

«እርስዎስ ለምን ይተካሉ? ገና ጠንካራ ነዎት» አልኩት፣ ነገሩን ወደ እሱ ለማዞር ብዬ።

«ሰኔ ሠላሳ ጡረታ እወጣለሁ። ጊዜዬ ደርሶ አይደለም፤ ገና ሁለት ዓመት ይቀረኝ ነበር። ዓይኔ ነው። የጣቢያው ምልክት፣ እለፍ ወይም ቁም የሚለው፣ ከሩቅ ተነስቶ ይሁን ወርዶ መለየት አቃተኝ። ረዳቴ ይነግረኛል፣ እኔ እነዳለሁ፣ ማንም አላወቀብኝም። ሁለት ወር እንዲህ ሠራሁ። አንድ ቀን ታዲያ ረዳቴ ሽንት ቤት ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሞጆ መግቢያ ላይ አቆምኩት። ሜዳ ላይ። ተሳፋሪው ምን ተፈጠረ እያለ ወረደ። ምልክቱ ለካ ክፍት ኖሯል። በነጋታው ለገሃር ሄጄ ዓይኔ ደክሟል አልኳቸው። አሁን ተረካቢዬ ያያል፣ እኔ መንገዱን አሳየዋለሁ።» ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለኝ። «ያን ቀን ያፈርኩ መስሎኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ስተኛ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ከምሥራቅ የሚመጣው ባቡር ጡሩምባ ተሰማ። ጋሽ ደበላ ሊሄድ ሲል ዞር አለ። «ባለፈው ቅዳሜ ልጅህ ጣቢያው ላይ አግኝታኝ ሦስተኛ ወጥቻለሁ ስትለኝ ነበር። ዛሬ አይደለም እንዴ መዝጊያው?»

ሰዓቱን አየሁ፤ ሦስት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። እግሬ እንኳን አቃቂ ድረስ፣ ጣቢያውን ተሻግሮ የሚያደርሰኝ አይመስልም። ከድሬዳዋ የመጣው ባቡር ሲቆም ስምንት ዓመት ያልረገጥኩትን የባቡር ደረጃ ብስክሌቴን ተሸክሜ ወጣሁ።

ቲኬት ቆራጩ አወቀኝ። «ቀዳሚው? አንተም ትሳፈራለህ እንዴ?»

«ልጄ ትጠብቀኛለች» አልኩት። መልሱ ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ያን ዕለት ነው ያወቅኩት።

በመስኮቱ በኩል መንገዱን ሳየው ሌላ አገር መሰለኝ። ደረጄ ከታች ወደ አቃቂ እየነዳ ነው። ተሳፋሪዎቹ አዩትና መጮህ ጀመሩ። ዳገቱ ላይ ባቡሩ ሲከብደው ልጁ ቀረበ፣ ኩርባው ላይ ደረሰ፣ አለፈ። የዚህኛው ባቡር ነጂ ማንንም የሚጠብቅ ሰው አይደለም፤ ሲሳደብ ይሰማኝ ነበር። እኔም ግማሽ አካሌን በመስኮት አውጥቼ «በርታ! አትዙር፣ ንዳ!» እያልኩ ስጮህ ራሴን አገኘሁት።

ትምህርት ቤቱ ግቢ የገባሁት በአጭር የብስክሌት ሱሪ፣ እስከ ጉልበቴ በጭቃ ተለውሼ ነው። ሁለተኛ ክፍል ተጠርቶ አልፏል። ትዕግስት አራት ደብተር በሪባን ታስሮላት ደረቷ ላይ አቅፋ በሩን እያየች ነበር። አስካለም አየችኝ፤ ወዲያው የግድግዳውን ሰዓት አየች። ከዱከም በብስክሌት ስመለስ በዚህ ሰዓት ደርሼ እንደማላውቅ ታውቃለች። በምን እንደመጣሁ ገባት መሰለኝ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ትዕግስት ሮጣ መጣች። «ማን ቀደመ?»

«ባቡሩ» አልኳት።

ጥቂት አሰበች። «ታዲያ አሁን ስምህ ማነው?»

 የሠላሳ ሰባት ዓመት ሰው ስሙ ማን እንደሆነ ተጠይቆ መልስ አጣ።

«አባባ በይው» አለች አስካለ።

ትዕግስት ቃሉን በልቧ ሞከረችውና ፊቷን ቋጠር አደረገች። አልለመደችውማ። «እሺ» አለችና ደብተሮቹን እንድይዝላት ሰጠችኝ።

ሰኞ ብስክሌቴን ጥገና ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ደረጄ ድሬዳዋ ሄዶ አራተኛ ወጣ፤ እኔ ብሄድ ኖሮ አቋርጬ በጭነት መኪና ነበር የምመለሰው። ከዚያ በኋላ ሃያ ምናምን ዓመት ስንቱን ጀማሪ አሠለጠንኩ፣ ስንቱን ጎማ ለጠፍኩ። አንዳንዶቹ ከኔ የበለጠ ስም አገኙ። ዛሬ በዚያ ሐዲድ ላይ ሣር በቅሎበታል፤ ባቡር ቀድሜ ነበር ብል የሚያምነኝ ወጣትም የለም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቶሎ አቁሙ ልላችሁ አይደለም። መቼ እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ ሄጄ በጠየቅኩት። አንድ ነገር ግን ተምሬያለሁ። የሚጠሏችሁ አቁም ይሏችኋል፤ አትሰሟቸውም። የሚወዷችሁ ደግሞ ኩርባው ላይ ቀስ ብለው ይጠብቋችኋል፤ ይህንንም አታዩትም። ስለዚህ ምልክቱ ከሩቅ ሲደበዝዝባችሁ ራሳችሁ ሄዳችሁ ተናገሩ። ረዳታችሁ ሽንት ቤት የሚሄድበትን ቀን አትጠብቁ። እኔ አማቼን ሳልቀብር፣ ልጄ አባባ ማለት ሳትለምድ ነው የቆየሁት፤ ያ ሁሉ ጊዜ የሄደበትን ባቡር ሮጬ ልደርስበት አልችልም።

የዚያው ዓመት ሰኔ ሠላሳ፣ ጋሽ ደበላ ጡረታ በሚወጣበት ዕለት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ብስክሌቷን ከግድግዳው አወረድኳት። ትዕግስትን ከፊቴ ብረቱ ላይ አስቀምጬ፣ ቀስ እያልን፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ሄደን ከመንገዱ ዳር ቆምን። ባቡሩ ከአቃቂ በኩል ብቅ አለ። ኩርባው ላይ ሲደርስ ዘገየ፤ ተሳፋሪው ይመለከተን ዘንድ እስኪበቃው ድረስ ዘገየ። ጋሽ ደበላ ቆቡን አውልቆ በመስኮቱ አወጣልን፤ ጡሩምባው ሦስት ጊዜ ጮኸ። ተረካቢው አጠገቡ ሆኖ ለምን ብሎ ጠይቆት ይሆናል፤ ያን ዕለት የሚመልስለት ነበረው።

የመጨረሻው ፉርጎ ከዓይናችን እስኪሰወር እጃችንን አወዛወዝን።

«አባባ፣ እንሂድ» አለችኝ ትዕግስት። ማን ቀደመ ብላ አልጠየቀችኝም።